ዝገት ላይ ቀለም መቀባትን የተጸየፉት የጋሽ ብሩሽ የሕይወት ታሪክ

የሽቦ ብሩሽ ከኪሳቸው ስለማይጠፋ ሰፈሩ «ጋሽ ብሩሽ» ያላቸው የብስክሌት ጠጋኝ፣ ከልብስ ሰፊ እናታቸውና ከመርከብ ጭነት አውራጅ አባታቸው በ1942 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱበት ቤት ለባሕሩ ቅርብ ስለነበር ጨው ያዘለው ነፋስ የበሩን ማጠፊያ ሳይቀር ይበላው ነበር። ገና በልጅነታቸው ሚስማር ሲነኩ ጣታቸው ላይ የሚቀረውን ቡናማ ዱቄት እየተጸየፉ በሱሪያቸው ይጠርጉት እንደነበር፣ በዚህም ከእናታቸው ቁጣ ድነው እንደማያውቁ ይነገራል። ታናሽ ወንድማቸው ግን በዚያው ዱቄት ግድግዳ ላይ ሥዕል ይሥሉበት ነበር።

ጋሽ ብሩሽ በ1956 ዓ.ም. ቴክኒክ ትምህርት ቤት ገብተው የብረታ ብረት ሙያ ከተማሩ በኋላ፣ በ1961 ዓ.ም. በፖስታ ቤት የብስክሌት ጥገና ክፍል ተቀጠሩ። ወንድማቸውም ብዙ ሳይቆዩ ቀለም ቀቢ ሆነው እዚያው ገቡ።

በክፍሉ እያንዳንዱ ብስክሌት በዓመት አንድ ጊዜ፣ ዝናቡ ሲያባራ፣ ብሎን በብሎን ይፈታ ነበር። ጋሽ ብሩሽ አስቀድመው የመቀመጫውን ዘንግ ነቅለው ብስክሌቱን ይገለብጡታል። ከቱቦው የሚወርደውን የከረመ ውኃና ዝቃጭ ያየ ሁሉ አፍንጫውን ሲይዝ፣ እሳቸው የሚይዙት ነጂውን ነበር፤ «ና፣ ና! ቀረብ ብለህ አሽትተው። ዓመቱን ሙሉ የተቀመጥከው በዚህ ላይ ነው!» ይሉታል። ከዚያም ዝገቱን ንጹሑ ብረት እስኪታይ ፍቀውና አድርቀው ፀረ-ዝገት ቀለም ይቀቡታል። በየቱቦው ቀጭን ዘይት አፍስሰው ውስጡን እንዲያዳርስ ያገላብጡታል፤ ኩሽኔታውን በነጭ ጋዝ አጥበው አዲስ ግራሶ ይሞሉታል። ሰንሰለት ላይ የምግብ ዘይት የሚያፈስ ሰው ሲያጋጥማቸው ሊያስመልሳቸው የደረሰ ይመስል ፊታቸውን ያዞሩ ነበር። ከሁሉ አብልጠው የሚጸየፉት ግን ሳይፋቅ በቀለም የተሸፈነ ዝገት ነበር። ከላይ እያበራ ከሥር የሚበሰብስ ነገር ሲያዩ ሰውነታቸውን ይቀፍፋቸው ነበር።

በ1966 ዓ.ም. ከፍተኛ ባለሥልጣናት ክፍሉን ሊጎበኙ መሆኑ ተሰማና አለቃው ብስክሌቱ ሁሉ እንዲያበራ አዘዙ። ከብስክሌቶቹ የአንዱ መሪውን ከፊት ጎማው ጋር የሚያያይዘው ቱቦ በዝገት ክፉኛ ተበልቶ ስለነበር፣ ጋሽ ብሩሽ ቀይ ጨርቅ አስረውበት ነበር። በክፍሉ ደንብ ቀይ ጨርቅ የታሰረበትን ብስክሌት ያሰረው ሰው ራሱ ካልፈታው በቀር ማንም አይነካውም። ወንድማቸው ግን ጨርቁን ፈትተው ዝገቱን በአረንጓዴ ቀለም ሸፈኑት። ጉብኝቱ በጭብጨባ ተፈጸመ። ጥቂት ቆይቶ ያን ብስክሌት የተረከቡት ወጣት ሴት ፖስተኛ ቁልቁለት ላይ ሳሉ ቱቦው ተቆረጠ። በግንባራቸው ተደፍተው የፊት ጥርሶቻቸው ረገፉ።

በምርመራው ላይ ወንድማቸው «ብረቱ ጤነኛ ነበር፤ ልጅቷ ስትበር ነው የወደቀችው» ብለው መሰከሩ። ጋሽ ብሩሽ የተቆረጠውን ቱቦ በማስረጃነት ቢያቀርቡ፣ መርማሪው «ይህን ቆሻሻ ከጠረጴዛዬ ላይ አንሳልኝ» አሉ። ጥፋቱ በፖስተኛዋ ላይ ተላከከ፤ ወንድማቸውም ተሾሙ። ጋሽ ብሩሽ «ከእንግዲህ ከእሱ ጋር በአንድ ባልዲ እጄን አልታጠብም» ብለው ሥራቸውን ለቀቁ።

ቱቦውን በጋዜጣ ጠቅልለው በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ሄዱ። ተጎጂዋ ያበጠ ከንፈራቸውን ያዝ አድርገው፣ «ሰው ሲታመም ብርቱካን ነው የሚያዝለት። አንተ የበሰበሰ ብረት ይዘህ መጣህ?» አሏቸው። ጋሽ ብሩሽም፣ «ጥፋቱ ያንቺ እንዳልሆነ በዓይንሽ እንድታዪ ብዬ ነው» ሲሉ መለሱ። በ1968 ዓ.ም. ተጋቡ፤ ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅም አፈሩ።

የቤታቸውን የፊት ክፍል ወርክሾፕ አድርገው ልጆቻቸውን በዚያ ገቢ አስተማሩ። ከወንድማቸው ጋር በለቅሶም በሠርግም ቢገናኙ ለየብቻ ይቀመጡ ነበር። ሽማግሌ በተላከ ቁጥር የሚሰጡት መልስ አንድ ነው፤ «ያደረገውን በአፉ ይናገር፤ ሌላ ካሳ አልፈልግም።» ይህ ሳይሆን እንዳይሞቱ አጥብቀው ይመኙ እንደነበር ባለቤታቸው ያውቃሉ።

በ2013 ዓ.ም. የሳንባ ሕመም አልጋ ላይ አዋላቸው። ወንድማቸው ሽቶ ተቀብተው፣ ፍራፍሬ አስይዘው ሊጠይቋቸው መጡና «ጋሼ፣ ያለፈው አልፏል፤ ይቅር እንባባል» አሉ። ጋሽ ብሩሽ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ «አሁንም ሳትፍቅ ልትቀባ? ክፍሉን አገማኸው፤ መስኮቱን ክፈቱልኝ» አሉ። ጠያቂው ኮታቸውን አንስተው ሄዱ።

በሳምንቱ ወንድማቸው ተመልሰው መጡ። የያዙት ነገር አልነበረም። ከአልጋው ግርጌ ቆመው፣ «ጋሼ፣ ያኔ ዝገቱን አይቼዋለሁ። ጣቴ ገብቶበታል። ጨርቁን የፈታሁት እኔ ነኝ፤ የዋሸሁትም ሹመቱን ፈልጌ ነው» አሉ።

«ለእኔ ምን ትነግረኛለህ? ጥርሱ የእኔ ነው እንዴ?» አሉ ጋሽ ብሩሽ።

ወንድማቸው ወደ ወጥ ቤት ሄደው ለጋሽ ብሩሽ ባለቤት አንድም ሳያስቀሩ ተናገሩ። እሳቸውም የያዙትን ሳህን አስቀምጠው፣ «ይህችን ለማለት የቀሩት ጥርሶቼም እስኪያልቁ ጠበቅህ?» አሏቸው። «አዎ፣ እትዬ» አሉ ወንድማቸው። በግድግዳው በኩል ይሰሙ የነበሩት ጋሽ ብሩሽ ሳል እስኪያፍናቸው ሳቁ። በዚያ ቀን ከረጅም ጊዜ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ምግብ አምጡልኝ አሉ፤ ለሁለት ሰው።

ጋሽ ብሩሽ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ኅዳር 9 ቀን 2014 ዓ.ም. ማለዳ በተወለዱ በ72 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ባለቤታቸው፣ መምህርት፣ ነርስና አናጺ የሆኑት ልጆቻቸው፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸው፣ እንዲሁም ሟቹ ራሳቸው «እሱንም ጻፉት» ብለው ያዘዙላቸው ታናሽ ወንድማቸው በሐዘን ላይ ይገኛሉ።

ፈጣሪ የጋሽ ብሩሽን ነፍስ በምሕረቱ ይቀበል፤ ለቀሩትም እውነቱን ተነጋግሮ አብሮ የመኖርን ጽናት ይስጥ።