ለአንድ ጽሑፍ ሦስት ሽማግሌ

ኅዳር 5

የዐሥረኛ ክፍል የጂኦግራፊ ፈተና አርሜ ጨረስኩ። ግማሹ ተማሪ ዓባይን ወደ ደቡብ አፍስሶታል... ይሁን። መብራት ስለነበረ በፈቃደኝነት ጽሑፍ የምገመግምበትን የኢንተርኔት መዝገበ ዕውቀት ከፈትኩ። ለግምገማ የመጣ አዲስ ጽሑፍ፦ «ጌታነህ፣ የመልክዓ ምድር አርክቴክት»። የባሌ የደሳለኝ የአክስት ልጅ! ጸሐፊውስ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? እሸቱ፣ የባሌ ታናሽ ወንድም።

የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር፦ «እንደ ሰሎሞን ጥበበኛ፣ እንደ ንሥር አርቆ ተመልካች፣ የጋይንት ኩራት...» ጽሑፍ ነው ወይስ የሠርግ ሙገሳ? ቀጥሎ፦ «ከንፋስ መውጫ በላይ ያለውን ባዶ ኮረብታ ብቻውን ደን አደረገው።» ማጣቀሻ አንድ፦ «አገር ያወቀው፣ ፀሐይ የሞቀው»።

ብቻውን? ጌታነህ ገና እንደተመረቀ የእርከኑን ንድፍ አወጣ፣ እውነት ነው። ጎበዝ ነው፣ አልክድም። ግን ችግኙ ሲጠማ እሱ አዲስ አበባ ገብቷል። ውኃ ያመላለሱት እናቶች ናቸው። እናቴ አሰለፈች፣ ነፍሷን ይማረውና፣ የእንስራው ገመድ ትከሻዋ ላይ የተወው ጠባሳ እስክትሞት አልጠፋም።

ኅዳር 7

ለሌላ ገምጋሚ ላስተላልፍ ብል የሚረከበኝ ጠፋ። አማርኛውን የምናየው እፍኝ አንሞላም። «ውዳሴው ይቀነስ። የታተመ ማጣቀሻ ይቅረብ» ብዬ መለስኩት። ወዲያው ደወለ።

«የወንድሜ ሚስት ሆነሽ? ምቀኝነት ነው እንዴ?»

«ደንብ ነው፣ እሸቱ።»

«ደንቡን ማን አወጣው? ዘመድ የለውም?»

አስተካክሎ ላከ። አስተካክሎ ማለት... «የጋይንት ኩራት» የነበረው «የአፍሪካ ኩራት» ሆኗል። ደሳለኝን ባማክረው «እለፊው፣ ምን ይጎድልብሻል?» አለኝ። ምን እንደሚጎድልብኝ የሚገባው አንድ ሰው እንኳ የለም?

ኅዳር 12

ሚካኤልን ልሳለም ሄጄ አማቴ ዓይኔን እያዩ እንዳላዩ አለፉኝ። በአንድ ጽሑፍ!

ኅዳር 14፣ እሑድ

ላብድ ነው። ሽማግሌ ላኩብኝ! ለጋብቻ አይደል፣ ለእርቅ አይደል... ለኢንተርኔት ጽሑፍ። ሦስት ሆነው ደጃፌ ላይ ቆሙ። የነፍስ አባታችን አባ ማሩ ከፊት፣ ጎረቤታችን አቶ ዓለምነህና አንድ የማላውቃቸው አዛውንት ከኋላ።

«ይግቡ አባ፣ ይቀመጡ።»

«አንቀመጥም፣ ውባንቺ። እሺ ሳትይን አንቀመጥም። ያሰርሽውን ፍቺ።»

«ምን እንደሆነ ያውቃሉ አባ?»

«ጽሑፍ ነው አሉን። ጽሑፍ ምን ክፋት አለው?»

ስልኬን አውጥቼ አነበብኩላቸው። «ባዶ ኮረብታ ብቻውን...» የሚለው ላይ ስደርስ አባ እጃቸውን አነሡ።

«እስቲ ድገሚው።»

ደገምኩት። ባቀረብኩላቸው ወንበር ላይ ዘፍ አሉ።

«ብቻውን? እኔ በዚህ ወገቤ ድንጋይ የተሸከምኩት ታዲያ የማን ኮረብታ ኖሯል?»

«የእኔስ በሬ ገደል የገባው እዚያው እርከን ላይ አይደል!» አሉ አቶ ዓለምነህ።

ደስ አለኝ። ቸኮልኩ እንጂ። አባ ተመልሰው ተነሡ፣ ሌሎቹም ተከትለው።

«እንግዲያው የእኛም ስም ይግባ። እሺ ሳትይን አንቀመጥም።»

«የታተመ ነገር ከሌለ አይሆንም አባ።»

«እናትሽስ? አሰለፈች ውኃ ስታመላልስ በዓይኔ ያየሁ እኔ አለሁ። እኔ ምስክር አልሆንም?»

«አይሆኑም።»

ለነፍስ አባቴ እንዲህ አልኩ! ነገ ጾም ሊገባ... ጠላውን ሳይቀምሱ ሄዱ። ካለቀስኩ ቆይቻለሁ፤ ዛሬ ግን አለቀስኩ።

ኅዳር 16

የኮረብታውን ዐረፍተ ነገር አወጣሁት። የቀረው የታተመ ማጣቀሻ የተገኘለት አራት መስመር ነው፤ አለፈ። ደንቡ ተከበረ። ኮረብታው ግን የጌታነህም አልሆነ፣ የእናቴም አልሆነ።

ታኅሣሥ 8

አልቻልኩም። አባ ማሩ ዘንድ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩ። «እግዚአብሔር ይፍታሽ» አሉኝ፤ ከዚያ ስለ ኮረብታው አወሩልኝ፣ በስልኬ ቀረጽኩ። አቶ ዓለምነህም መጡ፤ በሬው እንደገና ገደል ገባ። ለትምህርት ቤታችን መጽሔት ልጽፈው ነው። ከታተመ ማጣቀሻ ይሆናል... አይሆንም እንዴ?

የካቲት 21

መጽሔቱ ወጣ። ስለ ኮረብታው አዲስ ጽሑፍ አዘጋጅቼ ለመዝገበ ዕውቀቱ ላክሁ። የጌታነህን ንድፍ፣ ድንጋይ የተሸከሙትን፣ እናቴን። ማጣቀሻ አንድ፦ መጽሔታችን። እሸቱ አንብቦ «ጌታነህ አነሰ» ብሎ አኮረፈ። ያኩርፍ።

የካቲት 25

መልስ መጣ። ገምጋሚው ስም እንኳ የለውም፣ ቁጥር ብቻ። «ውዳሴው ይቀነስ። ‹ትከሻዋ እየደማ አገር ያለመለመች› የሚለው ይውጣ። ማጣቀሻውንም የጻፈችው ጸሐፊዋ ራሷ ናት፤ ሌላ ይቅረብ።»

ውዳሴ? ትከሻዋን አይቶታል? ደንብ ነው ይለኛል! ደንቡን ማን አወጣው?

አባ ማሩ ዘንድ ሮጥኩ። ሰምተው ሳይጨርሱ ጋቢያቸውን ደረቡ፣ መቋሚያቸውን አነሡ።

«የየት አገር ሰው ነው?»

«አላውቅም አባ።»

«ደጃፍ የለውም?»

«የለውም።»

«ታዲያ የት ሄደን እንቁም?»

መሳቅ ነበረብኝ። አልሳቅሁም። አድራሻውን እየፈለግኩ ነው።