ስለ እኅቴ መርፌና ስለ ግራዋው ቅጠል ለጓድ አድማሴ የቀረበ ምስጋና

ላሊበላ፣ ግንቦት 1974 ዓ.ም.

ለክቡር ጓድ አድማሴ
የባህል መድኃኒት ዘመቻ አስተባባሪ
ባሉበት

ክቡር ጓድ፣ ይህ ጽሑፍ ጤናዎ የተሟላ፣ እንቅልፍዎ የሰመረ፣ የካኪ ልብስዎም ተኩሱ ያልተበላሸ ሆኖ እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። እኛ ከዘመቻዎ ተርፈናልና ደኅና ነን።

ቅዳሜ ዕለት በአዳራሹ የተፈጠረውን «የተሳሳተ ስሜት» ለማረም፣ የዘመቻዎ ገምጋሚዎች ከደሴ ከመድረሳቸው በፊት ቤተሰባችን የምስጋና ደብዳቤ ጽፎ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ እንዲለጥፍ ማዘዝዎን ከቀበሌው ሊቀ መንበር ሰማሁ። እኔ የወለላ ደባሱ ታላቅ ወንድም፣ የኩልመስኩ መምህር ወርቅአገኘሁ፣ እነሆ ትእዛዝዎን ፈጽሜአለሁ። የማመሰግንዎ ነገር ብዙ ስለሆነ በተራ ቁጥር ላስቀምጠው።

አንደኛ፣ ስለ ጆሮዎ አመሰግናለሁ። ዶክተር ምስጋኑ ከአዲስ አበባ መጥተው፣ ሴቶቻችን የጠላ ጋን የሚያጥቡበትን የግራዋ ቅጠል ሲለቅሙ ከሰነበቱ በኋላ በአዳራሹ ሰብስበውን እንደነበር ያስታውሳሉ። በደም ውስጥ የበዛ ስኳር፣ ዝገት ብረትን እንደሚበላ ሁሉ የዓይንንና የኩላሊትን የደም ሥሮች እያደር እንደሚጎዳ፣ አንዳንድ ቅጠሎች ይህን ዝገት የሚከላከል ነገር ሳይኖራቸው እንደማይቀር፣ ግራዋውንም ገና በአይጥ ላይ እየሞከሩት እንደሆነ በሚገባን ቋንቋ አስረዱን። እኅቴ ወለላ፣ ይህ በሽታ ከልጅነቷ ጀምሮ ያለባት፣ ከሴቶቹ መካከል ተነሥታ፣ «እኔ መርፌ የምወጋ ነኝ፤ ቅጠሉን ከጠጣሁ መርፌውን ልተወው ወይ?» ብላ ጠየቀቻቸው።

«እንዳታደርጊው የኔ እመቤት!» አሏት። «በሕይወት የሚያኖርሽ መርፌው ነው። ቅጠሉ ቢረዳ ኩላሊትሽንና ዓይንሽን ከጉዳት ለመጠበቅ ነው፤ እርሱም ገና አልተረጋገጠም።»

አዳራሽ ሙሉ ሰው ይህን ሰማ። እርስዎ ከፊተኛው ወንበር ተቀምጠው «ቅጠሉ ይረዳል» የምትለዋን ብቻ ለይተው ሰሙ። ከዚያ ሁሉ ንግግር ለራስ የሚመቸውን ቃል እንዲህ አጥርቶ መስማት ለማንም የሚቻል አይደለም።

ሁለተኛ፣ ስለ ፍጥነትዎ። የዶክተሩ መኪና አቧራ ገና ሳይበርድ፣ ከውጭ የሚመጣ መርፌ የጥገኝነት ምልክት እንደሆነና የወረዳው ሕዝብ በገዛ ቅጠሉ ከስኳር በሽታ መላቀቁን በገበያ መካከል በድምፅ ማጉያ አበሠሩን። ከታማሚዎቹ አንድም ሰው አለመጠየቁ ጊዜ ለመቆጠብ እንደሆነ ይገባናል። ወዲያው ሚሊሻ አስከትለው እኅቴ ወደምትኖርበት ወደ ገነተ ማርያም ድረስ ወረዱ። ወለላ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ፣ ሆዷ ገፍቶ ነበር። የኢንሱሊን ጠርሙሷን ሙቀት እንዳይነካው በእርጥብ አሸዋ በተሞላ ገንቦ ውስጥ ታኖር ስለነበር፣ ሚሊሻዎ ገንቦውን ገልብጦ አሸዋውን ወለሉ ላይ ዘረገፈው። ባሏ አራጋው ከእርሻው ሮጦ ደርሶ እግርዎ ላይ ወደቀ።

«ጌታዬ፣ ቅጠሉን እጠጣለሁ፤ ባዘዙኝ መጠን እጠጣለሁ» አለችዎ እኅቴ። «መርፌዬን ግን ይተዉልኝ። ሆዴ ውስጥ ያለውን ይዩልኝ።»

እርስዎም ትከሻዋን መታ መታ አድርገው፣ «በአብዮቱ ላይ እምነት ይኑርሽ፣ ጓዲት» አሏት። እኔ አልነበርሁም፤ አራጋው ነው የነገረኝ። ይህን ሲነግረኝ ከቃልዎ ይበልጥ ያንገበገበው ፈገግታዎ ነበር።

ጠርሙሱ በአዳራሹ ጠረጴዛ ላይ፣ ከግራዋ ቅርንጫፍ አጠገብ፣ «የተላቀቅነው ጥገኝነት» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎበት ለኤግዚቢሽን ቀረበ። የጽሑፉ ፊደል በጣም ያምራል። ለተማሪዎቼ የእጅ ጽሑፍ ምሳሌ ላደርገው ነበር።

ሦስተኛው ምስጋና በተራ ቁጥር የሚያዝ ስላልሆነ ቁጥሩን እዚህ ላይ እንድተው ይፍቀዱልኝ።

ወለላ እንደታዘዘችው ቅጠሉን ጨምቃ ጠጣች። እየመረራት ዋጠችው። ከዚያ ውኃ ጥሙ ያዛት፤ የጠጣችውን ማስመለስ ጀመረች፤ ትንፋሿ ፈጠነ፣ እንደበሰበሰ ፍሬም ይሸት ገባ። አራጋው ወደ እርስዎ ሰው ልኮ ጠርሙሱን ለአንድ ቀን ብቻ እንዲያውሱት ቢለምን፣ ሰውነት ከባዕድ መድኃኒት ሲላቀቅ መጀመሪያ ላይ እንዲህ እንደሚያደርገው ነግረው መለሱት። ስለዚህ ሕክምናዊ ማብራሪያዎ ቤተሰቡ በሙሉ ያመሰግናል። ሐኪም ለመሆን ሰዎች ለምን ያን ያህል ዓመት እንደሚደክሙ ከዚያ ወዲህ ይገርመኛል።

የገነተ ማርያም ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመዋት ወጡ። እኔም ተልኮብኝ መንገድ ላይ ተቀበልኋቸው። ዓይኗን ገልጣ አየችኝ፤ ስሜን ግን መጥራት አልቻለችም። ወደ ወልድያ የሚወርድ፣ ማሽላ የጫነ አንድ የጭነት መኪና አገኘን። ሾፌሩ አባስ የሚባል የመርሳ ሰው ነበር። ጋቢናው ለቃሬዛ አይበቃም፤ ከላይም ጭነቱ ሞልቷል። ልለምነው አፌን ስከፍት እርሱ ቀድሞኝ ዘልሎ ወጣ።

«ማሽላውን አውርዱና እሷን ጫኑ!» ብሎ ጮኸ። «ምን ታዩኛላችሁ? አውርዱ እንጂ! ከባለቤቱ ጋር እኔ እጨቃጨቃለሁ፣ ወላሂ!»

ጆንያዎቹ መንገድ ዳር ተራገፉ። አባስ ገደሉን ሁሉ በዝግታ፣ እንቁላል እንደተሸከመ ሰው ሲነዳ፣ እኔ የእኅቴን ራስ በጭኔ ላይ ይዤ ተቀመጥሁ። አንድ የማያውቃት ሾፌር ያደረገውን እርስዎ እንዲያደርጉ ማንም አልጠበቀም፤ እንዲያው ለታሪክ ያህል ነው የጻፍሁት።

በወልድያ ሆስፒታል በደም ሥር በሚሰጥ ፈሳሽና በኢንሱሊን ነፍሷ ተመለሰች። ልጁ ግን አልተረፈም። ወንድ ነበር። አራጋው በነጠላው ጠቅልሎ ብቻውን ወስዶ ቀበረው። የት እንደቀበረው ለእኔም አልነገረኝ። ሐኪሙ ኩላሊቷ ክፉኛ እንደተጎዳ፣ ቢያገግምም ከእንግዲህ ክትትል እንደማይለያት ነገረን። ዶክተር ምስጋኑ በቅጠል ሊጠብቁት የደከሙለትን ኩላሊት እርስዎ በዚያው ቅጠል ስም ለማበላሸት አልተቸገሩም።

እንግዲህ ወደ ቅዳሜው እንምጣ። እኅቴ በእግሯ መመለሷን ሲሰሙ ደስታዎ ወሰን አጣ። ወደ ሆስፒታል መሄዷን ሳያነሡ፣ «በግራዋ ኃይል የዳነችው ጓዲት ወለላ ምስክርነቷን ትሰጣለች!» ብለው ወደ መድረክ ጠሯት፤ አስጨበጨቡላትም። ወለላ ግን ወደ መድረኩ አልወጣችም። በቀጥታ ወደ ኤግዚቢሽኑ ጠረጴዛ ሄዳ ጠርሙሷን አነሣች።

«ጓዲት፣ እሱን ተይው!» አሏት በድምፅ ማጉያው። «ለማንኛውም ተበላሽቷል!»

«ተበላሽቷል» አለች። «የኔ ነው ግን።»

ከዚያም ወደ ሴቶቹ ዞራ፣ «እናንተ ሰዎች፣ እኔ ያለሁት በመርፌ ነው። ልጄ የሞተው መርፌዬ እዚህ ተቀምጦ ነው» አለች። ጠርሙሱን በመቀነቷ ቋጥራ በመካከላችን አልፋ ወጣች። በር ላይ የቆመው ሚሊሻዎ፣ ያው ገንቦውን የገለበጠው፣ ያግዳት ዘንድ ሲጮኹበት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። እርስዎ ብቻዎን ማጨብጨብ ቢጀምሩም፣ ቆይተው እጅዎን አወረዱ።

አሁን ወለላ መርፌዋን ትወጋለች። ከዚያ በኋላ ፊቷን አጨማድዳ የግራዋውን ውኃም ትጠጣለች። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት፣ «ቅጠሉ ምን አደረገኝ?» አለችኝ። ዶክተሩ አንድ ቀን ጥቅሙን ያረጋግጡት ይሆናል፤ አለዚያም ከንቱ ነው ይሉን ይሆናል። የሚሉት ሁሉ ከአፋቸው ሳይጎድል እንዲደርሰን፣ በሚቀጥለው ስብሰባ በእርሳቸውና በእኛ መካከል እንዳይቀመጡ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ።

ለእርስዎ የሚገባውን አክብሮት ሁሉ፣ ከሚገባው አንዲትም ሳልጨምር እያቀረብሁ፣

ወርቅአገኘሁ ደባሱ
ስለ ቤተሰቡ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ቅዳሜ ዕለት ማሰሮ ሙሉ ውኃ ብቻዎን ሲጨርሱና ንግግርዎን እያቋረጡ ወደ ውጭ ሲመላለሱ አይተናል። ሸሚዝዎም ከአንገትዎ ሰፍቷል። እኛ ይህን በሽታ በቤታችን ያየን ነንና ነገሩ አላማረንም፤ ሽንትዎን ይመርመሩ። የፈራነው ሆኖ ከተገኘ፣ እባክዎ በቅጠሉ ብቻ አይታለሉ። መርፌዎን ሊወስድ የሚመጣ ሹም ቢኖር ወደ እኛ ይላኩ። ወለላ ራሷ ከደጅዎ ቆማ እንደምትከለክልልዎ እንድነግርዎ አዝዛኛለች።