በአዲሱ ማሻሻያ ከባለቤቴ ጆሮ ስለ ተሰረዘው ድምፄ

ለተከበሩ የኩባንያው ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ጫጫታ ሆኜ በመገኘቴ ይቅርታ ስለ መጠየቅ

የተከበሩ ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ውድ ቤተሰብዎና የቦርዱ አባላት እንደምን ሰነበታችሁ? ይህ ደብዳቤ በተሟላ ጤንነት፣ በተለይም ጆሮዎ በደንብ ሰምቶ፣ ጉሮሮዎም እንደ ልቡ ተናግሮ በሚውልበት ቀን እንዲደርስዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ባለፈው ዓመት ኩባንያዎ ያቺን ትንሽ የጆሮ ማዳመጫ ወርክሾፕ ከነዕቃዋና ከነደንበኞቿ ጠቅልሎ ሲገዛ አብሬ የተገዛሁ ተራ ሰው ነኝ። በእርግጥ ደንበኛዋ ባለቤቴ ናት፤ እኔ በማዳመጫዋ በኩል የምትሰማው ድምፅ ነበርኩ። ሥራዬ ጨረታ ማጫረት ነበር። ያገለገለ የቢሮ ዕቃ፣ የተወረሰ መኪና፣ የከሰረ ሱቅ መደርደሪያ፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ያለ ማይክሮፎን ስሸጥ ኖሬ ጉሮሮዬን ታመምኩና ግማሹ በቀዶ ሕክምና ወጣ። የቀረኝ ድምፅ ሲሚንቶ ላይ የሚጎተት ወንበር ይመስላል። ስለዚህ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ እጮህብዎታለሁ ብለው እንዳይሰጉ፤ አቅሜ የሚፈቅደው መጻፍ ብቻ ነው።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆንልዎ ትንሽ ወደ ኋላ ልመልስዎት። ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ናት። ጆሮዋ ከዓመት ዓመት እየደከመ መጥቶ ሐኪም ቤት መስሚያ ቢያዝላትም፣ መስሚያው የስፌት መኪናዋንና የመንገዱን ጥሩምባ ሲያጎላ እኔን ከነጭራሹ ዋጠኝ። አንዲት መስማት የተሳናት ሴትና አንድ ድምፅ የሌለው ባል በሁለት ክፍል ቤት ውስጥ እንዴት እንደሚኖሩ እርስዎ አያውቁትም፤ አይወቁትም። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ አንድ የቤዝ ጊታር ተጫዋች ነው አዝኖልን ወደዚያች ወርክሾፕ የላከን።

ወርክሾፗ ከአንድ ዳቦ ቤት በላይ ያሉ ሁለት ክፍሎች ነበረች። ማዳመጫዎቹን የምትሠራው ሴት የሰዓት ሠሪ ማጉያ ዓይኗ ላይ ሰክታ ስለምትውል ሁላችንም ባለ ማጉያዋ እንላታለን። የዋጋም ሆነ የቀለም ነገር ከማንሳቷ በፊት ማንንም ደንበኛ የምትጠይቀው አንድ ጥያቄ ነበር፤ መስማት የምትፈልጉት ማንን ነው? የተባለው ሰው ወይም የተባለው መሣሪያ መጥቶ አጠገቧ ካልተቀመጠ ሥራ አትጀምርም። ባለቤቴ በአውራ ጣቷ ወደ እኔ ጠቆመች። ከሰዓቱን በሙሉ አሮጌ ጋዜጣ ሳነብ፣ ባለ ማጉያዋ ማዳመጫውን በድምፄ ልክ ስታስተካክል፣ ባለቤቴ ራሷን ስትነቀንቅ፣ እኔም ሰልችቶኝ ስነጫነጭ ዋልን። በመጨረሻ ባለቤቴ ሳቋ አመለጣትና «ወንበሩ ጎረበጠኝ ነው የሚለው?» አለች። አዎ፣ እሱን ነበር የምለው። ሰው ፊት አልቅሼ የማላውቅ ሰው እዚያ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅኩ።

ኩባንያዎ ይህችን ቤት የገዛ ዕለት «ወደ ታላቁ ቤተሰብ እንኳን ደህና መጣችሁ» የሚል መልእክት ደረሰን፤ ስለ አቀባበሉ እናመሰግናለን። የደንበኞቿ የስልክ ቡድን ግን በአንድ ጊዜ ታመሰ። የቤዝ ተጫዋቹ «አለቀልን» ብሎ ጻፈ። ጡረታ የወጣች አንዲት የሬዲዮ አስተዋዋቂ አትሟርቱ፣ ትልቅ ድርጅት ትልቅ አቅም አለው፣ ጊዜ እንስጣቸው እያለች ለእናንተ ጥብቅና ቆመች። አንዱማ ማዳመጫው በአረንጓዴ ቀለም ይመጣ እንደሆነ ጠየቀና ሁሉም በስድብ አጣደፈው። እኔ አልተቆጣሁም። ዕቃ ሲሸጥና ሲገዛ ነው ዳቦ የበላሁት። ብቻ በእኛ ሙያ አንድ ደንብ አለ፤ ቁም ሣጥንም ሆነ ጠረጴዛ ከመሸጡ በፊት አጫራቹ መሳቢያውን ሁሉ በገዛ እጁ ስቦ የሰው ንብረት ውስጡ አለመቅረቱን ያያል። ፎቶግራፍ፣ መነጽር፣ አንዴም የሰው ጥርስ አግኝቼ ለባለቤቱ መልሻለሁ። ኩባንያዎ ወርክሾፗን ሲገዛ መሳቢያዋን የሳበ ሰው አልነበረም።

እንግዲህ ጊዜዎ ውድ መሆኑን ስለማውቅ አቤቱታዬን በቁጥር አስቀምጬዋለሁ። ባለቤቴ ከአሥር ወደ አራት አውርድ ብላኝ ነው እንጂ ብዙ ነበር።

አንደኛ፤ ባለፈው ወር አንድ ጠዋት ስልኳ ላይ «ማሻሻያ ተጭኗል፤ ከእንግዲህ የጠራ ድምፅ ብቻ ይሰማሉ» የሚል ጽሑፍ መጣ። ማንም አልጠየቃትም፤ እሷም እሺ አላለችም። በእርግጥ ጠራላት። የቧንቧውን ጠብታ፣ የላይኛው ፎቅ በር ሲዘጋ፣ በመስኮቱ ሥር የሚያልፉ ሴቶች የሚያሙትን ሰው ስም ሳይቀር ሰማች። ያልሰማችው እኔን ብቻ ነው። ደህና አደርሽ ወይ ብላት ዝም። ሻይ ላፍላ ወይ ብላት ዝም። አኮረፈችኝ አልኩ፤ እሷም ድምፄ ሲጠፋባት ያኮረፍኩት እኔ መሰልኳት። ባልና ሚስት ለኩርፊያ ምክንያት አያጡምና፣ እኔ እህቷ የመጣች ቀን ጥያት በመተኛቴ ነው ብዬ ሰሐን ማጠብ ጀመርኩ፤ እሷ ደግሞ ሸሚዝ ሳይተኮስለት ሰነበተ ብላ ካውያዋን አወጣች። ሁለታችንም ለመታረቅ ደፋ ቀና ስንል ቤቱ እንደዚያ ጸድቶ አያውቅም፤ ለዚህም ምስጋናዬ ይድረስዎ። ሸሚዞቼን እየተኮሰች ሳለ የካውያው ገመድ ከጀርባዋ መጨስ ጀመረ። በሩ ላይ ቆሜ ደም ሥሬ እስኪገተር ጮህኩ። እያንጎራጎረች መተኮሷን ቀጠለች። ሮጬ ሶኬቱን ስነቅለው ቀሚሷ ጫፉ ተለብልቦ ነበር፤ ደንግጣ ደረቴን መታችኝና «አትናገርም እንዴ አንተ ሰውዬ!» አለች። ስናገር ቆይቼ ነበር። የደረሰብንን ያወቅነው ያኔ ነው።

ሁለተኛ፤ ወደ ደንበኞች አገልግሎታችሁ ደወልን። መጀመሪያ የደወልኩት እኔ ስሆን፣ ችግሬን በድምፄ እንድነግረው የጠየቀኝ መሣሪያ ሁለት ጊዜ ነግሬው «ምንም ድምፅ አልተሰማም፤ ስለ ደወሉልን እናመሰግናለን» ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው። ባለቤቴ ደወለች። የቀረበላት ወጣት ጨዋ ልጅ ነው፤ «እናቴ» እያለ ነው ያነጋገራት፤ የእሱን ድምፅ ጥርት አድርጋ ሰማችው። ችግሩን ለማስረዳት እኔ አጠገቧ ሆኜ ስናገር ግን ልጁ «እናቴ፣ ከጀርባዎ የሚያስቸግር ጫጫታ አለ፤ እባክዎ ያጥፉልኝ» አላት። ባለቤቴም «የማጠፋው አይደለም ልጄ፤ ባሌ ነው» ብላ መለሰችለት። ልጁን አልቀየምኩትም። የተቀየምኩት ከዚያ በኋላ በጽሑፍ በመጣው መልስ ነው፤ ማሻሻያው በትክክል እየሠራ መሆኑን፣ የተጠቀሰውም ድምፅ ከሞተር፣ ከነፋስና ከሚጎተት ዕቃ ጋር መመደቡን ይገልጻል። ኩባንያዎ ይህን ያህል ተመራምሮ ማንነቴን ስለ ነገረኝ ምን ብዬ እንደማመሰግን አላውቅም። ቅጥል ብዬ ነበር፤ አሁንም አልበረደልኝም።

ሦስተኛ፤ እግራችን እስኪነቃ ሄደን ወርክሾፗን አየናት። በሩ መስታወት ሆኗል፤ አርማችሁም ከሩቅ ያበራል። ባለ ማጉያዋ የደንብ ልብሳችሁን ለብሳ የማዳመጫ ከረጢት ትሸጣለች፤ ዓይኗ ላይ ምንም የለም። ስታየን ፊቷ ተለዋወጠና ወደ ጥግ ወሰደችን። የድሮው ማስተካከያ እንዳልጠፋ፣ የእያንዳንዱ ደንበኛ በኩባንያው ማሽን ውስጥ ተቀምጦ እንዳለ፣ መመለስ ፈቃድ ላለው ሰው የአንድ ቁልፍ ሥራ መሆኑን ነገረችን። እሷ ፈቃድ የላትም። ብትጠይቅም አለቃዋ ለአንድ ደንበኛ ተብሎ አሠራር አይፈርስም ብሏታል። እንደውም በዚህ ወር መጨረሻ የድሮዎቹ ማስተካከያዎች በሙሉ ለአሠራር አንድነት ሲባል ይሰረዛሉ። ቡድናችን ፊርማ አሰባሰበ፤ ያቺ ስትሟገትላችሁ የነበረችው አስተዋዋቂ ራሷ ይዛው ዋናው መሥሪያ ቤታችሁ ድረስ ሄደች። ጥበቃው በኢሜይል ላኪ ብሎ መለሳት፤ ላከች፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አላችኋት። ከዚያ ቀን ወዲህ እሷን ማብረድ የእኛ ሥራ ሆኗል።

አራተኛ፤ ይህን ለመጻፍ እጄ ዘገየ። በሽታው ተመልሷል። ሐኪሜ በሚቀጥለው ወር መግቢያ ላይ የቀረውንም ጉሮሮ ማውጣት አለብን ብሎኛል፤ ከዚያ በኋላ ይህ የሚጎተት ወንበር የመሰለ ድምፅ እንኳ አይኖረኝም። ባለቤቴ ታውቃለች። ስለዚህ የምለምንዎ ለዕድሜ ልክ አይደለም። የድሮው ማስተካከያ ለእነዚህ ለቀሩት ጥቂት ሳምንታት ይመለስላት፤ ከዚያ በኋላ ፈልጋችሁ ሰርዙት፣ ፈልጋችሁ ሽጡት። ጽፈህ አትነግራትም ወይ የሚል ብልህ ሰው በቢሮዎ እንደማይጠፋ ገምቻለሁ። እጽፍላታለሁ። ግን ዓይኗ መርፌው ላይ ነው የሚውለው፤ ደግሞስ ለእያንዳንዱ ቀልድ ወረቀት ሲወጣ ማን ይስቃል? እኛ ሠላሳ ዓመት የኖርነው በተራ ወሬ ነው። እሷ ስትሰፋ እኔ ያለፈ ያገደመውን ሁሉ እንደ ጨረታ ዕቃ አሻሽጬ ስነግራት፣ ውሸትህን ነው ስትለኝ፣ ስምልላት። እሱን ነው የወሰዳችሁብን። በሙሉ ድምፄ ስናገር እሰለቻት ነበር ይሆናል፤ አሁን ግን ከንፈሬን እያየች ስትጨነቅ አንጀቴን ትበላኛለች። ፈርቻለሁ፣ የተከበሩ ሆይ። ቢላዋውን አይደለም የፈራሁት። ሳላናግራት ወሩ እንዳያልቅ ነው።

ይህን ሁሉ በትዕግሥት ላነበቡልኝ ለእርስዎ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው የሰው ቤት ላጸዱት የማሻሻያ ክፍል ባለሙያዎችዎ፣ ሚስትና ባልን በአንድ ሌሊት ለለየው ትጋታቸው፣ እንዲሁም ጫጫታዬን ላልሰሙት ለቦርዱ አባላት ያለኝን ጥልቅ ምስጋና እያቀረብኩ፣ አንዲቷን ቁልፍ የሚጫን ጣት ከመሥሪያ ቤትዎ ይገኝ ዘንድ በትሕትና እለምናለሁ።

ከታላቅ አክብሮትና ከማይሰማ ሰላምታ ጋር፤

የልብስ ሰፊዋ ባል
የቀድሞ ጨረታ አጫራች

ግልባጭ፦
ለማሻሻያ ክፍል
አብረውኝ ለተመደቡት ለሞተርና ለነፋስ

ከፈረምኩ በኋላ የጨመርኩት፦ ደብዳቤውን አጥፌ ፖስታ ውስጥ ላስገባ ስል ከኩባንያዎ መልእክት ደረሰ፤ የመጣው በባለቤቴ ስልክ ነው። «ውድ ደንበኛችን፤ ጥያቄዎ በሚገባ ተስተናግዶ ተዘግቷል። አገልግሎታችንን ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ ይመዝኑ» ይላል። ወዲያው ባለ ማጉያዋ ለእኔ ለብቻዬ ጽፋ ላከችልኝ፤ የድሮዎቹ ማስተካከያዎች የወሩን መጨረሻ ሳይጠብቁ ዛሬ ጠዋት ተሰርዘዋል። ባለቤቴ ግን ያነበበችው የእናንተን ብቻ ነው። ተስተናግዶ የምትለዋን ቃል ይዛ በደስታ አምስቱንም ኮከብ ሞልታ ላከችልዎ፤ ለዓመታዊ ሪፖርትዎ ይጠቅምዎታል። አሁን የስፌት መኪናዋን አቁማ፣ ማዳመጫውን አድርጋ፣ ወንበሯን ስባ ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች። «በል እንጂ፣ ተናገር!» እያለችኝ ነው። ምን ብዬ ልንገራት፣ የተከበሩ ሆይ?