ገመዱ ሥር ስለቀረው ድንች

ይድረስ ለተከበሩ የወረዳችን የንግድ ኃላፊ፤

አዎ፣ እርስዎን ነው፤ ዞር ብለው ኋላዎን አይመልከቱ። ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? እኛ ከድንቹ በቀር ደህና ነን።

በቀበሌው አዳራሽ ሰብስበው ነጻ ገበያን ያስተማሩን እርስዎ ነዎት። አምራቹ ለፈለገው ሰው፣ በተስማማበት ዋጋ ይሽጥ ሲሉ አጨበጨብን። ጥፋታችን ማመናችን ነው። ጎረቤቴ ወይዘሮ የብርጓል ድንቻቸውን አስቆፈሩ፤ ነጋዴው ኃይለ ሚካኤልም ሲሸጥ ሊከፍላቸው ተስማምቶ፣ አይሱዙ ይዞ መጥቶ ጫነ። ወደ ደብረ ማርቆስ ሲሄድ ኬላው ላይ ገመድ ተወጥሮ ጠበቀው። ከወረዳ ለመውጣት መሸኛ ያስፈልጋል ተባለ። መሸኛውን የሚፈርሙት እርስዎ ነዎት፤ እርስዎ ደግሞ ነጻ ገበያን ሊያስተምሩ ሌላ ቀበሌ ሄደው ነበር። ሾፌሩ ጠብቆ ጠብቆ፣ ጆንያውን ገመዱ ሥር አራግፎ ተመለሰ።

ስሞታዬን በቁጥር ላቅርብ፤ ቢሮ ቁጥር ይወዳል።

፩. ኃይለ ሚካኤልን ስግብግብ ነጋዴ ብለውታል። ትርፍ ይወዳል፣ አልዋሽም። ጭቃ ረግጦ ወይዘሮ የብርጓል ደጅ ድረስ የመጣው፣ «እናቴ፣ እንዴት አደሩ» ያለው፣ እያዩት የመዘነውም ትርፍ ስለሚወድ ነው። ቢያጭበረብራቸው በሚቀጥለው ገበያ ለሌላ እንደሚሸጡ ያውቃላ። ትርፍ የማይፈልገው ቢሮዎ ግን እንዴት አደሩ ብሏቸው አያውቅም። ምን ቸግሮት፤ ሌላ የሚሄዱበት ቢሮ የለ።

፪. በእኛ ገበያ ሻጭ ሚዛኑ ከሞላ በኋላ አንድ እፍኝ ይመርቃል። ያዘዘው ሕግ የለም። ገዢውም ገበያ ይቅናዎ ብሎ ይሄዳል፤ ተፈቃቅደው ነዋ። ገመዱ ጋ ቆሜ ብጠብቅ የሚመርቅ ሰው አላየሁም። ትምህርቴ ከሬዲዮ ስለሆነ ከዚህ የጠለቀ የገበያ ግብረ ገብ ካለ ያስተምሩኝ።

፫. ሦስተኛም ነበረኝ። ዝናብ ወርዶበት ከድንቹ ጋር በሰበሰ።

ገመዱ የተወጠረው ድንች ወጥቶ እንዳይወደድብን ተቆርቁረው ነው ይባላል። እግዜር ይስጥልን፤ ረክሶልናል። ሽታውንማ በነጻ ነው የምናገኘው።

ወይዘሮ የብርጓል ማዳበሪያ የሚገዙት ከዚህ ድንች ነበር። አሁን በመጪው ገበያ በሬያቸውን ሊሸጡ ነው። ያላቸው አንድ በሬ ነው፣ እኔም አንድ፤ አቀናጅቼ የሁለታችንንም ማሳ አርሳለሁ። ይህንንም ተስማምተን እንጂ ማንም ሰብስቦ አላስተማረንም። የሳቸው ሲሸጥ የእኔም ቆሞ ይውላል። ትናንት ለገበያ እንዲያምር በሬውን ሲያጥቡት አየሁ። አላለቀሱም። እኔም አልተናደድኩም፤ ባልዲውን አቀበልኳቸው።

ስለዚህ መልስዎን በወረቀት አይላኩልኝ። በሬው ሳይሸጥ ገበያው መሐል ይምጡ፤ ያንኑ ያስተማሩበትን ማይክ ይያዙና፣ ሁለት ሰው የተስማማበትን ድንች ሦስተኛ ሰው ምን አግብቶት እንደከለከለ፣ ወይዘሮ የብርጓል እየሰሙ ይንገሩን።

ትምህርትዎን አምኖ የከሰረው፣ ዛሬም ከወንበርዎ በታች አጎንብሶ እጅ የሚነሳዎ፣

አለበል ታረቀ፣ የአንድ በሬ ገበሬ

ማስታወሻ፦ ከጆንያዎቹ አንዱ በቅሏል። ቡቃያው በቀዳዳው ወጥቶ ገመዱን አልፏል። መሸኛ ስላልያዘ ምን እንደሚደረግበት፣ ማይኩን እንደያዙ ይህንንም ቢመልሱልን።