ከሰሌዳው ጋር የተጣላሁበት ቀን

ስትሪትሃም፣ ለንደን
ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ውድ አባባ፣

ጉልበትዎ እንዴት ሰነበተ? እህቴ ሮማንወርቅ መድኃኒቱን በሰዓቱ እንደምትሰጥዎ፣ እርስዎም በሰዓቱ ትራስ ሥር እንደሚደብቁት ነግራኛለች። ይዋጡት እንጂ። ስልክ አልሰማም ካሉ ወዲህ በደብዳቤ መቆጣት ግድ ሆኖብኛል።

እኛ ደህና ነን። የልጅ ልጅዎ ዳናዊት መንጃ ፈቃድ አውጥታለች። ጎበዝ ነጂ ናት፤ ብቻ መንገድ ላይ ሳርማት «ከኋላ ተቀመጥ» ትለኛለች። ገና ሁለት ጊዜ ነው ከኋላ የተቀመጥኩት።

ለፋሲካ የመጣሁ ጊዜ የጠየቁኝን ያስታውሳሉ? «በዚያ ክፉ ዘመን ነፍስህ ትትረፍ ብዬ በስምንት ዓመትህ ብቻህን እንግሊዝ አገር ሰደድሁህ። እዚያ ሆነህ አንድ ቀን እንኳ ስሜን ታነሳ ነበር?» አሉኝ። እኔም «አላስታውስም» ብዬ ጋዜጣ ገለጥኩ። ጋዜጣው የትናንት፣ አንብቤ የጨረስኩት ነበር። ያ መልሴ ከዚያ ወዲህ ዕረፍት ነስቶኛል። ትናንት ግን ትክክለኛውን መልስ አገኘሁት። የመጣበት መንገድ ትንሽ ረዘም ይላልና ይታገሡኝ።

ሃዝልኮም፣ ያ የመንደር አዳሪ ትምህርት ቤታችን፣ ከተዘጋ ሠላሳ ዓመት ሊሆነው ነው። ከእኔ ጋር የተማረ ቤንጃሚን የሚባል ሰው ከባንክ ቀደም ብሎ ጡረታ ወጣና የሚሠራው ሲያጣ የትምህርት ቤቱን የመቶ ዓመት ታሪክ ጻፈ። ረቂቁንም «እስቲ እየው» ብሎ ላከልኝ። ለማን እንደላከው ዘንግቶ መሆን አለበት። በሥራዬ የድልድይ ስንጥቅ እንደምፈልገው አድርጌ ገጽ በገጽ ቼክ አደረግኩትና አርባ አንድ ስሕተት አገኘሁ።

አጀማመሩ ደህና ነው። የመንደሩ ቄስ በቤታቸው ስድስት ወንዶች ልጆች ሰብስበው ላቲን ማስተማር ጀመሩ ይላል። ልጆቹ ሲበዙ የፈረሱ ጋጣ መማሪያ ክፍል ሆነ፤ ይህም እውነት ነው፣ በእኔም ዘመን ዝናብ ሲጥል ክፍሉ ፈረስ ፈረስ ይሸት ነበር። በጦርነቱ ጊዜ ወታደሮች ሰፈሩበትና ተማሪዎቹ ሁለት ዓመት በመንደሩ አዳራሽ ተማሩ። ጥሩ። ውሸቱ የሚጀምረው እኛ ዘመን ላይ ሲደርስ ነው። «የመዋኛ ገንዳው ንጹሕ ነበር።» አባባ፣ እንቁራሪት ይራባበት ነበር። «ምግቡ የተትረፈረፈ ነበር።» ይህን የጻፈው ከእኔ ጋር ተደብቆ የጥርስ ሳሙና የበላው ቤንጃሚን ነው።

ከሁሉ ያናደደኝ ግን አርባ አንደኛው ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 አገር አቋራጭ ሩጫ ያሸነፈው «አለማየሁ» ነው ይላል። ጭቃ ያቦካሁት እኔ፣ ሁለት አጥር የዘለልኩት እኔ፣ ዋንጫው ግን የእርስዎ! መጽሐፉ ነገ ማተሚያ ቤት ስለሚገባ ትናንት ዳናዊት ክላፋም የሚባል ሰፈር፣ ቤንጃሚን ቤት ወሰደችኝ።

ቤንጃሚን አመሌን ስለሚያውቅ ኬክ አቅርቦ ነው የጠበቀኝ። አርባውን ስሕተት አንድ በአንድ ተቀበለ፤ እንቁራሪቶቹንም አስገባቸው። አርባ አንደኛው ላይ ስንደርስ ግን «ከእኔ ጋር አትጣላ፣ ከሰሌዳው ጋር ተጣላ» ብሎ ወደ ኮሪደሩ ወሰደን። ትምህርት ቤቱ ሲሸጥ ከቆሻሻ ክምር ያተረፈውን የአሸናፊዎች ሰሌዳ ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል። ሠላሳ የእንግሊዝ ስም በወርቅ ቀለም፣ በመካከላቸው አለማየሁ።

«እዚያ ሁላችንም የምንጠራው በቤተሰብ ስም ነበር» አለኝ። «አምስት ዓመት ሙሉ አለማየሁ ስልህ ኖሬ፣ አሁን ኤርምያስ የሚባል ልጅ ከየት ላምጣ?»

«አለማየሁ አባቴ ነው» አልኩት። «እሱ እዚያ ጭቃ ውስጥ አልነበረም።»

ድምፄ ሳላስበው ከፍ ብሎ ነበር። በእኔ ፓስፖርት ምክንያት ዳናዊትም በዚህ አገር ወረቀት ሁሉ ዳናዊት አለማየሁ ናት። ጣቷን ስምዎ ላይ አድርጋ ነበር።

«ዳዲ፣ ሪላክስ» አለችኝ። «ይሄ እኮ የኔም ስም ነው። ደሞ ሲጠሩህ ምን ትላቸው ነበር?»

የቁርስ አዳራሹ ትዝ አለኝ። ርዕሰ መምህሩ ጠዋት ጠዋት መዝገብ ይዘው ስም ይጠራሉ። መጀመሪያ ሰሞን የእርስዎን ስም እንዳይሆን አድርገው ይሰባብሩት ነበር። እኔ፣ እንግሊዝኛዬ ገና አሥር ቃል የማይሞላው፣ እጄን አውጥቼ አርማቸው ነበር፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ በየቀኑ። ልጆቹ ይስቁብኛል፤ እኔ አልቀመጥም። በሦስተኛው ሳምንት አስተካክለው ጠሩት። የራሴን ስም እንዲያውቁልኝ ግን አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም።

እስክሪብቶዬን አውጥቼ ከስሕተት ዝርዝሬ ላይ አርባ አንደኛውን ሰረዝኩት። ቤንጃሚን ኬክ ጨመረልኝ። ኬኩ ደረቅ ነበር፤ እሱንም ነግሬዋለሁ።

መጽሐፉ እንደታተመ እልክልዎታለሁ። ገጽ 112 ነው፤ መነጽርዎን ያድርጉ።

እንግዲህ አባባ፣ ለፋሲካ የጠየቁኝ መልሱ ይኸውልዎ። በዚያ መንደር አምስት ዓመት፣ ከእሑድ በቀር በየጠዋቱ፣ ስምዎ ይጠራ ነበር። ተነሥቶ አቤት የሚለው እኔ ነበርኩ።

የሮማንወርቅን እጅ የማያደክም ጤና ይስጥዎ፤ እኔንም እንደ ልማድዎ ይመርቁኝ። መድኃኒቱን ይዋጡ።

ልጅዎ፣
ኤርምያስ አለማየሁ