አባባ ያስጻፉት ማመልከቻ

አራዳ፣ ኅዳር ፲፮ ቀን ፲፱፻፶፬ ዓ.ም.

ውድ አባባ፣

ፊትዎ ቆሜ ድምፄን ከፍ ማድረግ ነውር ስለሆነብኝ በወረቀት እቆጣለሁ። ይቅር ይበሉኝ፤ ግን እቆጣለሁ።

ማመልከቻውን ለእኔ ተጨንቀው እንዳስጻፉት አውቃለሁ። ያን ቀን ፒያሳ፣ ባለሱቁ ጋሽ ረሻድ ለልጄ ከረሜላ ሲሰጣት ኮሌታውን አንቄ ከባንኮኒው ጋር አጣበቅሁት። ለእኔም በልጅነቴ ከረሜላ ይሰጠኝ የነበረውን ደግ ሰው! እርስዎ "ኧረ በሥላሴ፣ ምን ነካህ?" ብለውኝ ነበር። አሁን ልንገርዎ። አምስት ዓመት ሙሉ ፖሊስ ጣቢያ ተቀምጬ የተጎዱ ሕፃናትን ቃል ስጽፍ ኖርኩ። የጻፍኩት ሁሉ ወረቀቱ ላይ አልቀረም፤ እኔም ውስጥ ገባ። የሰው እጅ ወደ ሕፃን ሲዘረጋ ሳይ ደሜ ይፈላል። የገዛ ልጄን እንኳ ማቀፍ ፈርቻለሁ።

እርስዎ ግን ሳያማክሩኝ ማመልከቻ ጸሐፊ ዘንድ ሄደው፣ "ልጄ አእምሮው ስለታወከ ከምርመራ ተነሥቶ መዝገብ ቤት ይዛወርልኝ" ብለው ለአለቃዬ አስገቡ። ምነው አባባ! ግልባጩ እንዴት እንደወጣ እንጃ፣ የአንድ ተከሳሽ ጠበቃ እጅ ገባ። አሁን "ያበደ ሰው የጻፈው ቃል አይታመንም" እያለ ነው።

ተከሳሹ ማን መሰለዎ? የዘጠኝ ዓመት ልጅ "አሳድጋለሁ" ብሎ ከገጠር አምጥቶ የደፈረ ባለጠጋ ነው። ልጅቷ ቃሏን ስትሰጠኝ የጠረጴዛዬን ጠርዝ አልለቀቀችም። ስትጨርስ "ጋሼ፣ ሁለተኛ አልናገርም አይደል?" አለችኝ።

"አትናገሪም" አልኳት።

ትናንት አለቃዬ ጠርቶኝ፣ "በቃ ደምመላሽ፣ አንተ እረፍ፤ ሌላ መርማሪ ቃሏን እንደገና ይቀበል" አለኝ። ወይ ፍንክች! ያቺ ልጅ ያንን ነገር ለሌላ ሰው እንደገና ልትናገር? እኔ በቁሜ? አይደረግም!

ሰኞ ችሎት እቆማለሁ። ጠበቃው "ታመሃል ወይ?" ቢለኝ "አዎን፣ ታምሜያለሁ" እለዋለሁ። ከዚያ ስሟን ደብቄ ቃሏን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጮክ ብዬ አነባለሁ። ያንን ሰምቶ ደህና ሆኖ የሚወጣ ሰው ካለ፣ ያበደው እሱ ነው።

እርስዎም ከአፍንጮ በር ቤትዎ ወረድ ይበሉና ችሎቱ ላይ ከፊት ተቀምጠው ይስሙ። ሰምተው ሲያበቁ፣ ያኔም "መዝገብ ቤት ግባ" ካሉኝ፣ ጉልበትዎን ስሜ እገባለሁ።

ልጅዎ፣
ሃምሳ አለቃ ደምመላሽ