በሌለ ወር ያደሩ እንግዶች

ማክሰኞ፣ ጥር 5

ከኬኒንግተን ባተርሲ በባስ። ፎቁ ላይ፣ ፊተኛው ወንበር። ማክሰኞ አይደል... አልታየሽ ጋ ምሳ።

ሽሮው እንደ ወትሮው። ማረፊያ ቤቷም እንደ ወትሮው። ሰባት ክፍል፣ ሰባቱም ተይዟል። ለሕክምና የመጣ፣ ትምህርት ሊጀምር የመጣ፣ የልጁን ሠርግ ሊያይ የመጣ። የሆቴል አቅም የሌለው ሁሉ እሷ ጋ ነው።

ሳህኑን አንስታ ፖስታ አመጣች። ሁለት ቀን ሳትከፍተው አስቀምጣዋለች።

«ጋሽ አምሃ፣ እስቲ እርስዎ ያንብቡልኝ። ካውንስል የሚል ነገር ሳይ ዓይኔ ይጨልማል።»

አነበብኩላት፤ ከሰፈሩ አስተዳደር ነው። ከወንዙ ዳር እስከ ሁለተኛው መንገድ ድረስ ርካሽ ማረፊያ ቤት ከእንግዲህ አይፈቀድም። አሥር ዓመት ሳያቋርጥ መሥራቱን በማስረጃ ያሳየ ይቀጥላል። ያላሳየ ነሐሴ ላይ ይዘጋል። ምክንያቱ የወንዝ ዳርቻውን ገጽታ መጠበቅ ነው። የአዲሶቹ ፎቆች ማስታወቂያ ዳርቻውን «ቢች» ይለዋል። ውሃው ሲሸሽ የሚታየው ጠጠርና አንድ የብስክሌት ጎማ ነው።

«ይሄ ቢች ከሆነ የኔ ቤት ሂልተን ነዋ!» ብላ ሳቀች። እየሳቀች የተወለወለውን ጠረጴዛ እንደገና ወለወለች።

ማስረጃ አለሽ ወይ? አልኳት። ሦስት ወፍራም ደብተር አመጣች። የእንግዳ መዝገብ፣ ቤቱ ከተከፈተበት ቀን ጀምሮ። ስም፣ ስልክ፣ የመጣበት ጉዳይ፣ የገባበት ቀን፣ የወጣበት ቀን፣ ፊርማ። በአማርኛ።

ይበቃል። ከበቂም በላይ ነው።

ዓርብ፣ ጥር 8

ወደ እንግሊዝኛ እኔ ልመልሰው ተስማማን። ደብተሮቹን ይዤ መጣሁ። የዛሬዋ እንግዳም ተመዝግባለች፣ በመጨረሻው መስመር።

ወረቀቱን ለካውንስሉ የምታስገባው ልጇ ዳናዊት ናት። እዚሁ እንግሊዝ አገር ተወልዳ ያደገች፣ ቢሮ የምትሠራ።

«ጋሽዬ፣ ስትጨርስ ላክልኝ... ይላኩልኝ፣ ሶሪ። አንዴ ቼክ ላድርገው።»

«አያስፈልግም።»

«ሌላ ሰው ቢያየው ግን—»

«አያስፈልግም አልኩሽ።»

ሠላሳ አንድ ዓመት ጋዜጣ ላይ ስሠራ በስሜ አንድም እርምት አልወጣም። የጻፍኩትን ራሴ ሁለቴ አነባለሁ፣ አለቀ። ታዲያ ለምን ቆጣ አልኩ? ልጅቷ ምን አጠፋች?

ረቡዕ፣ ጥር 20

ጨረስኩ። ሁለት ሺህ አንድ መቶ አርባ መስመር። ስሞቹ ሁሉ እንደ ፓስፖርታቸው። ቁጥሮቹን ከደብተሩ ጋር አንድ በአንድ አስተያየሁ። ሁለቴ አነበብኩ። ዳናዊት ዛሬውኑ ሰብሚት አደረገችው።

እርግጠኛ ነኝ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 10

መልስ መጣ። ዳናዊት ከስልኳ አነበበችልን፣ እኔ ለእናቷ ተረጎምኩ። በድምፅ እየተረጎምኩ ነው የገባኝ።

በመዝገቡ መሠረት የመጨረሻዋ እንግዳ የገባችው ሜይ 8 ቀን 2018 ነው። ቤቱ ከዚያ ወዲህ፣ ስምንት ዓመት ገደማ፣ አልሠራም። በተጨማሪም ሃያ ሦስት እንግዶች በአሥራ ሦስተኛው ወር ገብተዋል። እንዲህ ያለ ወር የለም። ስለዚህ መዝገቡ ያጠራጥራል። በአሥራ አራት ቀን ውስጥ መልስ ይሰጥ።

«ስምንት ዓመት ያልሠራሁት እኔ?» አለች አልታየሽ። «ታዲያ ወገቤን ምን ቆረጠው?»

8/5/2018። ጥር ስምንት። ደብተሮቹን የወሰድኩበት ቀን! አልታየሽ ቀን የምትጽፈው በኛው አቆጣጠር ነው። እኔም ቁጥሩን እንዳለ ገለበጥኩት። ሁለት ሺህ አንድ መቶ አርባ ጊዜ። ሁለቴ ሳነብም አላየሁትም... እንዴት ልየው? ለኔ ትክክለኛ ቀን ነው። ይህችን ማስታወሻ እንኳ በምን አቆጣጠር ነው የምጽፋት?

«ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩ።

አልታየሽ ትክ ብላ አየችኝ። «እርስዎም ይሳሳታሉ ለካ!» ደስ ያላት ትመስላለች።

ዳናዊት ግን ደብተሩን ከፍታ ነበር። «ቆይ ጋሽዬ። መጀመሪያው ገጽ 2006 ነው የሚለው። እነሱ እንደ ፈረንጅ ካነበቡት እኮ ሃያ ዓመት ሆነ። እሱን እንተወውና መጨረሻውን ብቻ ፊክስ እናድርግ።»

«ሁሉንም ነው የምናርመው።»

«ግን ይጠቅመናል—»

«እውነተኛው አሥራ ሁለት ዓመት ነው፣ የሚፈለገው አሥር። ውሸት ለምን ያስፈልገናል?»

ሰኞ፣ የካቲት 16

አምስተኛ ቀን። እስከ ታኅሣሥ ሃያዎቹ ድረስ ዓመቱ ላይ ሰባት እደምራለሁ፣ ከዚያ ወዲያ ስምንት። ወሩንና ቀኑን ደግሞ በየራሱ። ዳናዊት ከሥራ መልስ እየመጣች በስልኳ ቼክ ታደርጋለች። አልከለከልኳትም።

እስካሁን ሦስት ቦታ ተለያየን። ሁለቱ ላይ እሷ ናት ትክክል። ጳጉሜ ስድስት ቀን ከሆነች በኋላ የሚመጣው መስከረም በአንድ ቀን እንደሚገፋ ዘንግቼ...

ቀኑን ብናርምም ጥርጣሬውን የሚያነሣ የውጭ ወረቀት ያስፈልገናል። ከመዝገቡ አንድ መስመር ጋር የሚገጥም። ከሃያ ሦስቱ የጳጉሜ እንግዶች አንዱን አገኘሁ። አቶ ኪዳነወልድ፣ ጳጉሜ 6 ቀን 2011። ለዓይን ሕክምና። ስልካቸው ደብተሩ ላይ አለ። ደወልኩ፣ አነሡ!

ቅዳሜ፣ የካቲት 21

አቶ ኪዳነወልድ ከበርሚንግሃም በባቡር መጡ። ጡረታ የወጡ የባስ ሾፌር። ወረቀት የማይጥሉ ሰው ናቸው። ወረቀት የታጨቀበትን የላስቲክ ከረጢታቸውን ሳይ ገባኝ።

«በሌለ ወር ነው ያደሩት ተብለዋል» አልኳቸው።

«በሌለ ወር? ታዲያ ዓይኔን የሠሩልኝ መቼ ነው?»

አልታየሽ ከወጥ ቤት፣ «ጋሼ፣ ያን ጊዜ ስንት ትራስ አስቀይረውኛል! ያም አልነበረም በሏቸው» አለች። ሰውየው እስኪያስላቸው ሳቁ።

የሐኪም ቤቱን ደብዳቤ ከከረጢቱ አወጡ። ሕክምናው ሴፕቴምበር 12 ቀን 2019። በዋዜማው የሚያድሩበት አድራሻ ተጽፏል። የአልታየሽ ቤት፣ ከነፖስታ ኮዱ። ዋዜማው ሴፕቴምበር 11፣ ጳጉሜ 6።

ገጠመ። ዳናዊት ሁለቴ ቆጠረችው። እኔም።

ሰኞ፣ የካቲት 23

ካውንስል። ጉዳዩን የያዘችው ሴት ረጋ ያለች ናት፣ በእርሳስ የምትጽፍ። ከወረቀቱ ሁሉ በላይ አንድ ገጽ አስቀመጥኩ። ርዕሱ «እርምት»። ቀኖቹ የኢትዮጵያ መሆናቸውን፣ ስሕተቱ የባለቤቷ ሳይሆን የተርጓሚው መሆኑን ይላል። ከሥር ስሜ። ሠላሳ አንድ ዓመት የሸሸኋት ቃል... ፈረምኩባት።

«አሥራ ሦስተኛው ወር ስንት ቀን አለው?» አለችኝ።

«አምስት። በአራት ዓመት አንዴ ስድስት።»

«ሰዉ ምን ያደርግበታል?»

«አዲስ ዓመት ሊገባ ስለሆነ ብዙው ዘመድ ጋ ይመጣል። ዘመዱ ቤት ካልበቃው አልታየሽ ጋ ያርፋል።»

የአቶ ኪዳነወልድን ደብዳቤ ከመዝገቡ መስመር ጎን አድርጋ ብዙ አየችው። አንድ ነገር ጻፈች። ምን እንደጻፈች አልታየኝም። ግን ሥራችን ንጹሕ ነው፣ ይሄን አውቃለሁ።

ሰኞ፣ መጋቢት 14 — ማርች 23

ወረቀቱ መጣ። የአልታየሽ ቤት ይቀጥላል።

ደንቡ ግን አልተነሣም። እዚያው መንገድ ላይ ተክለአብ የሚባል ልጅ ማረፊያ ቤት አለው። ከከፈተው ገና አራት ዓመቱ። ነሐሴ ላይ ይዘጋል። ዛሬ መጥቶ፣ «እትዬ፣ አስቀድመው ቦታ የያዙትን እንግዶቼን ይቀበሉልኛል?» አላት። «ምን ትጠይቀኛለህ፣ ላካቸው» አለችው። ሻይ ጠጣን። ደስታችንን እሱ ፊት ብዙም አላወጣነው።

አራተኛ ደብተር ተገዝቷል። መስመሩን እንዳሰምር ለኔ ተሰጠኝ። ለቀን ሁለት ዓምድ።

«የኛው ይቅደም» አለች አልታየሽ።

የኛው ቀደመ።

ይህችን ገጽም እዚያው ጠረጴዛ ላይ ጀመርኳት። ከሥር ያለውን በእጄ ሸፍኜ ሁለቱ ቀኖች ያሉበትን የላይኛውን መስመር ብቻ ለዳናዊት አሳየኋት።

«ቼክ አድርጊልኝ» አልኳት።

በጣቷ ቆጠረች። «ትክክል ነው፣ ጋሽዬ።»